የሚሰበረው ፎርማ፦ በእቶን የሚቀረጽ መስታወት ታሪክ

መስታወትን በእቶን መቅረጽ ማለት የመስታወት ቁርጥራጭ ወይም ዱቄት እሳት በሚችል ፎርማ ውስጥ ሞልቶ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እቶን ውስጥ አስገብቶ፣ መስታወቱ ቀልጦ የፎርማውን ቅርጽ እስኪይዝ ማሞቅ ነው። ለመስታወት ነፊ የግድ የሆኑት ቀንና ሌሊት የሚነድ ምድጃ፣ ረጅም የብረት ቧንቧና በዙሪያው የሚቆሙ ረዳቶች እዚህ አያስፈልጉም። አንድ ሰው በአንዲት ክፍል ውስጥ እቶን፣ ጀሶና ሰም ይዞ ሊሠራው ይችላል። ይህን ያህል ጥቂት መሣሪያ የሚጠይቅ ሙያ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ጠፍቶ እንደገና ተገኝቷል። ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ከመስታወቱ ይልቅ ፎርማውን ቢከተል ይሻለዋል። የሙያው ዕውቀት በአብዛኛው ያለው ፎርማው ላይ ነው፤ ፎርማው ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ተሰብሮ ይጣላል። የተጠናቀቀውን ዕቃ በእጁ የያዘ ባለሙያ እንኳ እንዴት እንደተሠራ ከዕቃው ላይ ብቻ ማንበብ ይቸግረዋል።

የመስታወት ዕቃ በመስጴጦምያና በግብፅ መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ16ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። በዚያ ዘመን መስታወትን ከአሸዋና ከአመድ የሚያቀልጠውና ዕቃ አድርጎ የሚቀርጸው ሰው የግድ አንድ አልነበሩም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከባሕር ወለል የወጣ ነው። በደቡብ ቱርክ ጠረፍ፣ ኡሉቡሩን በተባለው ስፍራ በ1982 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የተገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የሰመጠው የንግድ መርከብ ከጫናቸው ዕቃዎች መካከል 175 ያህል ክብ የመስታወት ጡቦች ነበሩ። ብዙዎቹ በኮባልት ሰማያዊ ቀለም የያዙ ናቸው። ሩቅ አገር ያለ የሥራ ቤት እንዲህ ያለውን ጡብ ገዝቶ፣ ሰባብሮ፣ በራሱ ፎርማ ያቀልጠው ነበር። የዛሬው ትንሽ ስቱዲዮ ከፋብሪካ በኪሎ የሚመጣለትን መስታወት ሰብሮ ፎርማ ውስጥ ሲጨምር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

በግብፅ በቱታንካሙን መቃብር ከተገኙት ዕቃዎች አንዱ የመስታወት ትራስ ነው። በነምሩድ የተገኘውና የአሦር ንጉሥ የዳግማዊ ሳርጎን ስም በኩኔፎርም የተጻፈበት ትንሽ ማሰሮ ደግሞ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ያወጡት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ መጀመሪያ በፎርማ ከተቀረጸ በኋላ ውስጡ እንደ ድንጋይ ተሞርዶ የወጣ ነው። የፎርማዎቹ ዕጣ ግን የተለየ ነበር። ከጥንቶቹ ፎርማዎች ለዘመናችን የደረሱት ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ ትርጉም ያላቸው በግሪክ ኦሊምፒያ፣ ጥንታዊው ቀራጺ ፊዲያስ የሠራበት ነው በሚባለው ሕንፃ አካባቢ በ1950ዎቹ የተቆፈሩት የሸክላ ፎርማዎች ናቸው። የሐውልት ልብስ እጥፋቶች በመስታወት እንዲቀረጹ የተዘጋጁ ነበሩ። ቆፋሪዎቹ በእነዚህ ስብርባሪ ሸክላዎች አማካይነት ስለ ሥራው ሂደት ያወቁት ከብዙ የተሟሉ ዕቃዎች ሊያውቁ ከሚችሉት ይበልጣል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጠረፍ መስታወትን በቧንቧ የመንፋት ዘዴ ተገኘ። ነፊው በደቂቃዎች የሚጨርሰውን ጠርሙስ በፎርማ የሚሠራው ሰው ቀናት ይፈጅበት ነበር። ዋጋው ወደቀ፤ መስታወት የተራ ሰው ገበታ ላይ ደረሰ። በእቶን መቅረጽ ለተወሰነ ጊዜ ከነፊዎቹ ጎን ቢቆይም ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተገፋ፣ ከዚያም ለብዙ ምዕተ ዓመታት ዋና ሙያ መሆኑ ቀረ።

ሙያውን መልሶ ያነሣው መስታወት ሠሪ አልነበረም። በ1840 የተወለደው ፈረንሳዊው አንሪ ክሮ ቀራጺ ነበር፤ የጥንት ሐውልቶች ቀለም እንደነበራቸው ያምን ስለነበር በቀለም ሰም ይቀርጽ ነበር። ሰም ግን ይለሰልሳል፣ ይቆሽሻል። የሰሙን ቀለም የሚይዝና የማይበላሽ ነገር ሲፈልግ ወደ መስታወት ዱቄት ደረሰ። ባለቀለሙን ዱቄት አርጥቦ በፎርማው ውስጠኛ ገጽ ላይ በየቦታው እየለጠፈ ያቀልጠው ጀመር፤ ይህ ዘዴ የመስታወት ሊጥ ተባለ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳይ መንግሥት በሴቭር የሸክላ ፋብሪካ የሥራ ቦታ ሰጠው፤ በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይም «የእሳት ታሪክ» የተሰኘ ትልቅ ቅርጹን አቀረበ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ፈረንሳውያን ሥራቸው የሚያስደንቅ፣ የማስተላለፍ ልማዳቸው ግን የሚያሳዝን ነው። አልበር ዳሙዝ፣ በናንሲ ዶም ለተባለው የመስታወት ሥራ ቤት የሠራው አማልሪክ ቫልተር፣ ጋብርኤል አርዢ ሩሶ፣ ፍራንሷ ዴኮርሽሞን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሞክረው የደረሱበትን ቅመማ ደብቀው ያዙ። አርዢ ሩሶ በ1921 ሸሪክ አግኝቶ በድርጅት ደረጃ የአበባ ማስቀመጫ፣ መብራትና የአንገት ጌጥ ያመርት ነበር፤ የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲመጣ ድርጅቱ በ1931 ፈረሰ። በኖርማንዲ ኮንሽ ከተማ የሠራው ዴኮርሽሞን ግን ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ሠራ። መጀመሪያ ስስ ዕቃ፣ ቀጥሎ ወፍራምና ብርሃን የሚያሳልፍ ጎድጓዳ ሳህን፣ በ1930ዎቹ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሠራ፤ በፓሪስ የቅድስት ኦዲል ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች የእጁ ሥራ ናቸው። በ1971 እስኪሞት ድረስ በነበሩት የመጨረሻ ዓመታቱ ሙያው በፈረንሳይ ከሞላ ጎደል በእሱ ትከሻ ላይ ብቻ የቀረ ያህል ነበር፤ ለዚህም ነው የዶም ቤት በ1968 የመስታወት ሊጥን እንደገና ሲጀምር እንደ አዲስ ግኝት የታየው።

ምስጢሩ ምን ነበር? አሁን በየስቱዲዮው በግልጽ የሚሠራው ሲታይ የችግሩ ክብደት ይገባል። ሞዴሉ በሸክላ አፈር ወይም በሰም ከተቀረጸ በኋላ ጀሶና ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት በክብደት እኩል ገደማ ተደባልቀው፣ በውሃ ተበጥብጠው ይፈስሱበታል። ጀሶው ድብልቁን ያያይዛል፤ እሳቱ ሲበረታ ግን ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ሲሊካው እሳቱን ይችላል፤ ብቻውን ግን አይያያዝም። ሲሊካውም የራሱ ጠባይ አለው፦ በ573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውስጥ አደረጃጀቱ ተለውጦ በድንገት ስለሚሰፋ እዚያ አካባቢ እሳቱን የሚያቻኩል ሰው ፎርማውን ያፈነዳል። ሞዴሉ ሰም ከሆነ በእንፋሎት ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ መስታወቱ ይገባል። ሰምን አቅልጦ የማስወጣት ዘዴ በብረታ ብረት ሥራ ሰፊ ታሪክ ያለው ነው፤ በኢትዮጵያ በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩት የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ የወጡት በዚህ መንገድ ነው። የቀለጠ ናስ ግን በአፍታ ፈስሶ ፎርማውን ሲሞላ መስታወት 800 ዲግሪ ላይ እንኳ እንደ ወፍራም ማር ነው። ወደ ጥጋጥጉ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ፎርማው ያን ሁሉ ሰዓት ሙቀቱንና ክብደቱን መሸከም አለበት።

የመስታወቱ መጠን የሚታወቀው ሞዴሉን ውሃ ውስጥ በመንከር ነው፦ አንድ ሊትር ውሃ የሚገፋ ሞዴል 2.5 ኪሎ ገደማ ተራ መስታወት ይፈልጋል፤ እርሳስ ያለበት ከሆነ ከዚያ ይበልጣል። ደቃቅ ዱቄት በመሃሉ ጥቃቅን አረፋ ስለሚይዝ ወተት መሰል ይወጣል፤ ትልልቅ ጉማጅ የጠራ ይሰጣል። ከሁሉ የሚከብደው ማቀዝቀዙ ነው። ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ከቀዘቀዘ መስታወቱ ውጥረት ይዞ ይቀራል፤ ከቀናት ወይም ከወራት በኋላም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ 500 ዲግሪ አካባቢ ቆሞ ሙቀቱ እኩል እስኪሆን ይጠበቃል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈልገው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። አንዲት ስህተት የምትታወቀው ሳምንት ቆይታ ነው፤ ለብቻው የሚሞክር ሰው አንዱን ቅመማ ለማረጋገጥ ዓመታት የፈጀበትም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ኮርኒንግ የስቱበን ፋብሪካ መሥራች የነበረው ፍሬድሪክ ካርደር ይህን ሁሉ በስተርጅና ተያያዘው። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ በሰም ዘዴ እየቀረጸ፣ የሮማውያንን መረብ መሰል ጽዋዎች ጭምር አስመስሎ እየሠራ ቆየና በ96 ዓመቱ፣ በ1959፣ እቶኑን አጠፋ።

ሙያውን ከግለሰብ ምስጢርነት ያወጡት ግን ቼኮች ናቸው። በሰሜን ቦሄሚያ ዠሌዝኒ ብሮድ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1920 የመስታወት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ያሮስላቫ ብሪኽቶቫ በዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ መስታወትን ከሕንፃ ጋር የሚያዋህድ ክፍል አቋቋመች፤ ስታኒስላቭ ሊበንስኪ በ1954 የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆኖ መጣ። እሱ ይነድፋል፣ እሷ በሸክላ አፈር ትቀርጻለች፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ፎርማውንና እሳቱን ይዛሉ። ግኝታቸው ያለው ፎርማው ላይ ነው። መስታወቱን ከጀርባ ጎድጎድ አድርገው ሲቀርጹት ስስ የሆነው ስፍራ ይደምቃል፣ ወፍራሙ ይጨልማል፤ አንድ ቀለም ብቻ ይዘው በብርሃን መሳል ቻሉ። በ1958 የብራስልስ ኤግዚቢሽን የእንስሳት ምስል ያለባቸው የመስታወት ድንጋዮቻቸው ታላቁን ሽልማት አገኙ፤ በ1967 ሞንትሪያል ላይ የታዩት ግዙፍ ቅርጾች ደግሞ የአሜሪካ መስታወት ሠሪዎችን አስደነገጡ።

የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት መንግሥት ሥዕልንና ሐውልትን በጥብቅ ሲቆጣጠር መስታወትን እንደ ዕቃ ሥራ ስለቆጠረው ረቂቅ ቅርጽ እዚያ መተንፈሻ አገኘ። መተንፈሻው ገደብ ነበረው፦ አገሪቱ በሶቪየት ጦር ከተወረረች በኋላ በ1970 ለኦሳካ ኤግዚቢሽን በተላከው «የሕይወት ወንዝ» ላይ የወታደር ጫማ ዱካ ተቀርጾ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ እንዲጠፋ አዘዙ። ሊበንስኪ ከ1963 እስከ 1987 በፕራግ አስተማረ። የደቀ መዛሙርቱ ብዛት ዘዴው ከአሁን በኋላ በአንድ ሰው ሞት እንዳይጠፋ አደረገው።

በሌሎች አገሮች ዘዴው ወደ ትንንሽ ስቱዲዮዎች የገባው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። በ1974 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን የተቋቋመው ቡልዛይ የተባለ የመስታወት ፋብሪካ እኩል የሚሰፉና የሚኮማተሩ ባለቀለም መስታወቶችን እየፈተነ መሸጥ ሲጀምር ቀለሞችን ያለ ስጋት ማቀላቀል ተቻለ። በኒውዚላንድ ነሐስ ማቅለጥ የተማረችው አን ሮቢንሰን በ1980ዎቹ የሰሙን ዘዴ ወደ መስታወት አዛውራ ትልልቅ ሳህኖች ሠራች። ሙቀቱን በየደቂቃው የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ሌሊቱን ሙሉ እቶን ጠባቂ መሆንን አስቀረ። ጀሶና ሲሊካ ግን አሁንም ቦታቸውን አለቀቁም፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ በጥንቃቄ በሚሠሩ ስቱዲዮዎች ዱቄቱ የሚቀላቀለው በጭምብል ነው፣ የተሰበረው ፎርማም የሚጠረገው በውሃ ረጥቦ ነው።