የምጣዱ ሽቦ እዚያው ቦታ ላይ ለምን ይበጠሳል?

ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ተሰክቷል፤ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ግን ምጣዱ ቀዘቀዘ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ የተበጠሰውን ሽቦ ጠምዝዞ ያገናኘዋል። ትንሽ ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይበጠሳል። ለምን? መልሱን ለማግኘት ከጉለሌ እንነሳ።

ከጉለሌ በላይ እንጦጦ አለ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከተማዋን ካስጨነቋት ነገሮች አንዱ ማገዶ ነበር። በዙሪያዋ ያለው ደን ሲመናመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተከለ። ቶሎ ስለሚያድግ ከተማዋን ታደጋት። እንጨቱንና ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው የሚያወርዱት ግን ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከቤት ውስጥ ምግብ ሥራ ደግሞ እንደ እንጀራ ጋገራ ማገዶ የሚፈጅ የለም።

መብራት ሲስፋፋ ምጣዱም ከጉልቻ ወደ ሶኬት ተሻገረ። ይህ ምጣድ የሁለት ዕውቀቶች ልጅ ነው። አንደኛው ሽቦው ነው፦ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ፣ ኒክሮም። ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ አየር ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዳይበላው ይከላከልለታል።

ሁለተኛው ሸክላው ነው። እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ያለችው ቀጨኔ በሸክላ ሠሪ ሴቶቿ ትታወቃለች። አገር የሚበላበትን ምጣድ እየሠሩ እነሱ ግን «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ለመሆኑ ሸክላው ምን ይሠራል? ከሥሩ በተቆፈረው ጠመዝማዛ ቦይ ሽቦውን አቅፎ ይይዛል፣ ሙቀቱን ያዳርሳል፣ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከረጠበ ግን ያሳልፋል! እርጥብ ምጣድ የሚነዝረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። የተጠመዘዘው መገጣጠሚያ በደንብ አይነካካም። ስለዚህ እዚያች ነጥብ ላይ ከሌላው የበለጠ ይግላል፤ መከላከያው ሽፋን ይሰነጣጠቃል፣ ሽቦው ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ሌላም ጣጣ አለ፦ የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ሲጣል ሽቦው ያጥራል። ያጠረ ሽቦ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ይቀንሳል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ለምሳሌ 3,500 ዋት የነበረ ምጣድ ሽቦው በአንድ አሥረኛ ቢያጥር ወደ 3,900 ዋት ይጠጋል። ያኔ ሶኬቱ ይግላል፣ ገመዱም ሊቀልጥ ይችላል።

እንጀራውም ራሱ ይናገራል። ባንድ ወገን ዓይን አውጥቶ በሌላው ከደፈነ፣ ከአንድ በላይ ሽቦ ባለው ምጣድ ላይ አንዱ ሽቦ ሥራ አቁሞ ይሆናል፤ ወይም ሸክላው ተሰንጥቆ ሽቦው ከቦዩ ወጥቷል። ከቦዩ የወጣ ሽቦ የብረቱን አካል ከነካ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል፤ ምጣዱ ይቀዝቀዝ። ከዚያ ባለሙያ ሽቦውን ሳይቀጥል፣ ውፍረቱም ርዝመቱም እኩል በሆነ አዲስ ሽቦ ይቀይረው። የተሰነጠቀ ሸክላም ይለወጥ።

ሽቦ ከሱቅ ይገዛል። ያንን ሁሉ ሙቀት ችሎ የማይፈነዳ ሸክላ ለመሥራት ግን አፈሩን መርጦ፣ አቡክቶ፣ አድርቆ መተኮስ የምታውቅ እጅ ታስፈልጋለች። ስድብ የወረደባት ያቺ እጅ ባትኖር ኒክሮሙ ብቻውን እንጀራ አይጋግርም ነበር።