የምሥራቅ አዲስ አበባ ነባር ቤቶችና ነዋሪዎቻቸው

ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ቋሚ መልእክተኛ ለማስቀመጥ ተሽቀዳደሙ። ዳግማዊ ምኒልክም ከግቢያቸው ራቅ አድርገው በከተማዋ ምሥራቅ፣ በቀበናና በየካ ተራራ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የሩሲያ ለጋሲዮኖች የተተከሉት በዚያ ነው፤ ዛሬም ኤምባሲዎቹ ከስፍራቸው አልተነቃነቁም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ከአንዱ ነው።

ከሁሉም የቤተሰብ ታሪኩ በጽሑፍ በደንብ የተረፈለት የእንግሊዝ ለጋሲዮን ነው። ግቢው መጀመሪያ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ባላቸው ክብ ጎጆዎች የተሞላ ነበር። ካፒቴን ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር በ1902 ዓ.ም ሚኒስትር ሆነው ከባለቤታቸው ከካትሊን ጋር ሲመጡ የባቡሩ ሐዲድ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን መንገድ በበቅሎ ተጓዙ። በዚያው ዓመት ግንቦት 26 ቀን የበኩር ልጃቸው ዊልፍሬድ ከጎጆዎቹ በአንዱ ተወለደ። ይህ ልጅ በኋላ የአፋርን ምድርና የዓረብን በረሃ በማቋረጥ የታወቀ ተጓዥና ደራሲ ሆነ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩና አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው ሲነሱ፣ አዲስ አበባ ጭንቅ ላይ ወደቀች። አልጋ ወራሽ የሆኑት ራስ ተፈሪ የጥቂት ወራት ሕፃን የነበረውን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለቴሲጀር ቤተሰብ በአደራ ሰጡ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ጦርነቱ በሸዋ ድል ሲያበቃ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ትንሹ ዊልፍሬድ ድል አድራጊው ጦር ጃንሜዳ ላይ ሲሰለፍ ቆሞ አየ። ያ ትዕይንት ዕድሜውን ሙሉ ከአእምሮው እንዳልጠፋ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ቤተሰቡ በ1911 ዓ.ም ወደ አገሩ ቢመለስም ትስስሩ አልተበጠሰም፤ ራስ ተፈሪ በ1923 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ ወጣቱ ዊልፍሬድ ተጋብዞ መጣ፣ በ1933 ዓ.ም ደግሞ ከጣሊያን ነፃ በወጣንበት ዘመቻ ጎጃም ገብቶ ተዋግቷል። አንድ ሕፃን በአደራ የተቀመጠበት ቤት በሁለት ቤተሰቦች መካከል እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ወዳጅነት ማፍራቱ ከየትኛውም የዲፕሎማሲ ሰነድ ይልቅ ስለ ዘመኑ ይናገራል።

ይኸው ግቢ በ1928 ዓ.ም ሌላ ፈተና አየ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ሲለቁ ዝርፊያና ቃጠሎ ተነሣ፤ የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ የብዙ አገር ሰዎች በሲክ ወታደሮች በሚጠበቀው በዚህ ግቢ ተጠለሉ። የጦርነቱን ዜና ለዓለም ያስተላልፍ የነበረው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ከማርጋሪታ ደ ኤሬሮ ጋር የተጋባው በዚያው በመጠለያው ውስጥ፣ ከተማዋ በምትቃጠልበት ሰዓት ነበር።

የመኳንንቱ ቤቶች ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። በምኒልክ ዘመን አንድ ባለማዕረግ ቦታ ሲሰጠው እልፍኙን፣ አዳራሹን፣ ማድ ቤቱንና የበቅሎ ጋጡን ከፍ ባለው ስፍራ ይሠራል፤ ወታደሩና አሽከሩ ዙሪያውን ይሰፍራል። በኋላ ቆርቆሮ ሲለመድና የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ሲበዙ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙ፣ በእንጨት ሰገነትና በረንዳ የተዋቡ ፎቅ ቤቶች ተተከሉ። ከመስቀል አደባባይ በላይ፣ የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ ያለው የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ቤት የዚህ ወገን ነው። በ1979 ዓ.ም አዲስ አበባ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር የከተማዋ ሙዚየም ሆነ፤ እስከ ዛሬ የቆመውም ለሕዝብ አገልግሎት ስለዋለ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ካዛንቺስ ግን መኳንንት አልመሠረቱትም። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሩት የመኖሪያ ሰፈር ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ቤቶቹን ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ያዟቸው፤ ልጅና የልጅ ልጅም አፈሩባቸው። የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት ፈርሷል።

ቦሌ ከሁሉም ወጣት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ የነበረውን ተክቶ ሥራ ሲጀምር፣ እስከዚያ እርሻና ግጦሽ የነበረው ሜዳ ወደ ከተማ ተጠጋ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቀድሞ በ1950 ዓ.ም መቋቋሙ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም እዚሁ መመሥረቱ የውጭ ተከራይ አበዛ። ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ሰፊ መስኮት፣ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያና የአበባ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ሠርተው አንዱን ሲኖሩበት ሌላውን አከራዩ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ለወጠው። ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ ያነሱት ለቀበሌ ተሰጡ። የራሱ ያልሆነን ቤት በሙሉ ልብ የሚያድስ ተከራይ ጥቂት ነው፤ የብዙዎቹ ነባር ቤቶች ጣሪያ ማፍሰስና ሰገነት መበስበስም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም ወጥቷል። በከተማዋ ቅርስ ተብለው የሚመዘገቡት ቤቶች ግን በብዛት ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠሩት ናቸው። ስልሳ ዓመት የሞላቸው የቦሌ ቪላዎች እንደ ቅርስ ሳይታዩ አንድ በአንድ ለፎቅ ሕንፃ ቦታ እየለቀቁ ነው፤ ይህም ታላቅ ጉድለት ነው፤ አፍሪካ ነፃ በወጣችበት ዘመን መልእክተኞቿ የኖሩባቸው ቤቶች ናቸውና።