የመኖሪያ ቤት የውጭ በር አመራረጥ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የውጭ በር ቤትን ከሌባ፣ ከነፋስ፣ ከአቧራና ከዝናብ ይጠብቃል። በአደጋ ጊዜ ደግሞ ቤተሰብ ሕይወቱን የሚያተርፍበት መውጫ ነው። በመሆኑም በር ሲመረጥ ከዋጋውና ከመልኩ በተጨማሪ ሁለቱንም አገልግሎቶች በአንድነት መስጠት መቻሉ ሊታይ ይገባል። ይህ መረጃ አዲስ በር ለሚያሠሩ ወይም አሮጌውን ለሚቀይሩ ነዋሪዎች የቀረበ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

አዳማ ነፋስ የሚበዛባት ከተማ ናት። 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው አዳማ አንድ እና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአቅራቢያዋ የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በበጋ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል፤ በክረምት ደግሞ ከዙሪያው ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ ዝቅተኛ ሰፈሮችን ያሰጋል። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሆኑም ለመሬት መንቀጥቀጥ የተጋለጠ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ ከመተሐራ አልፎ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

የመሥሪያ ዕቃ

የላሜራ በር ምስጥ አይበላውም፤ ለመስበርም አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ስስ ላሜራ በቀላሉ ስለሚጎብጥ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ከማቅለም በፊት ፀረ-ዝገት ቀለም መቀባት ያስፈልገዋል፤ በተለይ ውኃ የሚያርፍበት የታችኛው ጠርዝና ብየዳው ሊዘነጉ አይገባም። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ሙቀት እንዳይስብ ፈዛዛ ቀለም ይሻላል።

የእንጨት በር ሙቀትን ወደ ውስጥ በቀላሉ አያስተላልፍም። እንጨቱ በሚገባ ያልደረቀ ከሆነ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስጥም ያጠቃዋል። ስለዚህ የደረቀ፣ ፀረ-ምስጥ የተቀባና ምንጩ ሕጋዊ የሆነ እንጨት መምረጥ ያስፈልጋል። ከኤምዲኤፍ የተሠራ የውስጥ በር ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ ለውጭ አገልግሎት አይመከርም። የአሉሚኒየም በር አይዝግም፤ መስታወት ካለው ግን መስታወቱ ሲሰበር ጉዳት የማያደርስ ዓይነት መሆን አለበት።

የአከፋፈት አቅጣጫ

ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ለአካባቢው የተሻለ ነው። ማጠፊያው ከውጭ ስለማይታይ ሌባ ሊነቅለው አይችልም፤ ሲከፈትም ነፋስ ነጥቆ ከግድግዳ ጋር አያላትመውም። ጎርፍ ወይም ፍርስራሽ ከደጅ ቢከማች፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሊገፋ የማይቻል ይሆናል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር እንዲያገለግል ግን ከጀርባው ዕቃ መከማቸት የለበትም።

ቁልፍ

በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ ሊከፈት የሚችል መሆን አለበት። ሌሊት በጓጉንቸር ከውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በቃጠሎ ወይም በመንቀጥቀጥ ጊዜ ቤተሰቡ በጨለማና በጭስ ውስጥ ቁልፍ ሊፈልግ ነው። ለሌባ መከላከያ ተብሎ መስኮቶቹ ሁሉ በብረት ፍርግርግ የታጠሩበት ቤት ደግሞ ከበሩ ሌላ መውጫ አይኖረውም። ሕፃናትን፣ አረጋውያንን ወይም ሕሙማንን ከውጭ ቆልፎ መሄድም ተመሳሳይ አደጋ አለው። በምትኩ ከውስጥ በሚሽከረከር እጀታ የሚከፈት ጠንካራ ቁልፍ መግጠም ሁለቱንም ፍላጎት ያሟላል።

መቃንና አገጣጠም

ጠንካራ መዝጊያ በደካማ መቃን ላይ ቢገጠም ጥቅም የለውም። መቃኑ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ በሦስት ቦታ ከግንቡ ጋር በብረት መታሰር፣ መዝጊያውም በሦስት ማጠፊያዎች መያዝ አለበት። በጭቃ ቤት ላይ ከባድ የብረት በር የሚገጠም ከሆነ መቃኑ ከጭቃው ጋር ሳይሆን በደንብ ከተተከሉ ምሰሶዎች ጋር ይታሰራል። መቃኑ ሲዛባ በሩ ተጣብቆ እንዳይቀር በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ጥቂት ክፍተት መተው፣ ክፍተቱንም አቧራ በሚከላከል ጎማ መሸፈን ይገባል።

ጎርፍ በሚያሰጋበት ሰፈር የቤቱ ወለል ከግቢው ከፍ ማለት አለበት። ሆኖም ከፍተኛ ደፍ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንቅፋት ስለሚሆን፣ ከፍታውን በተዳፋት መወጣጫ ማካካስ ያስፈልጋል። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው የበሩ ነጻ ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

ከመክፈል በፊት

የበሩን ቦታ ለማስፋት ግድግዳ ማፍረስ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የከተማውን የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። ከበር ሠሪው ጋር የሚደረገው ውል የላሜራውን ውፍረት ወይም የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩን፣ የቁልፉን ዓይነት፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ መያዝ አለበት። ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልም ጉድለት ሲገኝ አቤቱታ ለማቅረብ ማስረጃ ይሆናል። ከርክክብ በፊት በሩ በተደጋጋሚ ተከፍቶና ተዘግቶ መሞከር አለበት፤ የመጨረሻው ፈተና በቤቱ ውስጥ ያለ ሕፃን ወይም አረጋዊ በጨለማ ብቻውን ሊከፍተው መቻሉ ነው።