«ና»፦ አንድ ድምፅ፣ ብዙ ቃል

በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ከረጃጅሞቹ ቃላት ይልቅ አጫጭሮቹ እንደሚያስቸግሩ ሥራውን የሞከሩት ሁሉ ያውቁታል። ለዚህም በአዲስ አበባ፣ በልደታ ሠፈር፣ ልጅ ከደጅ ሲጠራ የምንሰማውን «ና» በምሳሌነት እናቀርባለን።

የአማርኛው «ና» ራሱ ሁለት ቃል ነው። አንደኛው ትእዛዝ ነው። «መጣ» የሚለው ግስ የራሱ የትእዛዝ አንቀጽ ስለሌለው «ና፣ ነይ፣ ኑ» ቦታውን ይሸፍኑለታል። ግእዝ «ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ» ይላል፤ ትግርኛም «ንዓ፣ ንዒ፣ ንዑ» በማለት የጉሮሮውን ድምፅ ጠብቋል። አማርኛ ግን ይህን ድምፅ ከአነጋገሩ ስላጠፋው ቃሉ አጥሮ «ና» ሆነ። ሁለተኛው «ዳኛና ጠበቃ» ስንል ስምን ከስም፣ «ታሟልና አይመጣም» ስንል ምክንያትን ከውጤት የሚያያይዘው ነው። ግእዝ ስምን ከስም ሲያያይዝ «ወ»ን ከቃሉ ፊት ያስቀድማል፤ አማርኛ «ና»ን ከኋላ ያስከትላል።

ወደ ጎረቤት ቋንቋዎች ስንሻገር ትርጉሙ ይለወጣል። ትግርኛ «ሃገርና» ሲል «አገራችን» ማለቱ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ «አገርና» ብሎ ቢያቆም ግን ነገሩን አልጨረሰም። በኦሮምኛ «ና» ከግስ በፊት ሲገባ «እኔን» ማለት ነው። በሶማልኛ በዚያው ስፍራ ሲገባ፣ አድማጩን ሳይጨምር፣ «እኛን» ይሆናል፤ ከቃል መጨረሻ ሲለጠፍ ደግሞ ዐረፍተ ነገርን ያያይዛል። የስዋሂሊው «ና»ም «እና» ወይም «ከ… ጋር» ማለት ነው። ሆኖም ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ የድምፅና የትርጉም መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በዚያው በልደታ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(7) የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። አንድ ሰው በኦሮምኛ «ና አርጌ» ቢል «አየኝ» ማለቱ ነው፤ በሶማልኛ «ዉ ና አርካይ» ቢል ግን «አየን» ማለቱ ነው። ግሱ በሁለቱ የኩሽ ቋንቋዎች ተዛማጅ በመሆኑ ጆሮ ተውላጠ ስሙንም አንድ አድርጎ ሊቀበል ይችላል። በዚህ ስሕተት አንድ የታየ ሰው ብዙ፣ ብዙውም አንድ ይሆናል።

ጽሕፈትም ልዩነቱን አያወጣውም፤ ሶማልኛ በሶማልያ ከ1965 ዓ.ም.፣ ኦሮምኛም በአገራችን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ ቃላት በተመሳሳይ ሆሄያት ይሰፍራሉ። ልዩነቱን የሚያሳየው የቃሉ ስፍራ ነው፦ ብቻውን የቆመ፣ ከስም ኋላ የተለጠፈ፣ ከግስ በፊት የገባ። ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለያንዳንዱ «ና» የራሱን ተራ ቍጥር፣ ስፍራውንና አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲሰጡት እናሳስባለን። ተርጓሚውም ትርጉሙን ከመስጠቱ በፊት በስተግራና በስተቀኝ ያለውን ቃል ይመልከት።