ሦስት ፊደል በአንድ መደርደሪያ፦ የባሌ ደጋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብዝኃነትና የሙያ ዕጣ

በአሜሪካ ስለ አናሳ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚካሄደው ክርክር በዋናነት የሙያውን መግቢያ በር ይመለከታል። ጥቁር አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ኢ. ጄ. ጆሲ እ.ኤ.አ. በ1964 የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጥቁሮችን ከሚያገልሉ የግዛት ማኅበራት እንዲርቅ የጠየቀው፣ በ1970ም የጥቁር ባለሙያዎችን ስብስብ ያቋቋመው በዚሁ በር ምክንያት ነበር። ይህን የመግቢያ በር መለኪያ እንዳለ ወደ ባሌ ማምጣት ግን አያዋጣም። በሮቤ፣ በጎባም ሆነ በአጋርፋ አንድ ባለሙያ አናሳ መሆኑ የሚለየው በቆመበት መሥሪያ ቤትና መደርደሪያ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ሮቤ ያለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፌዴራል ተቋም ሲሆን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ከጎንደር ወይም ከወላይታ የመጣ ባለሙያ ገበያ ሲወጣ እንግዳ ነው፤ እንግሊዝኛው ካታሎግ ፊት ግን ከአገሬው ልጅ እኩል ነው።

ነገሩ የሚከብደው ኦሮምኛው መደርደሪያ ጋ ሲደረስ ነው። ተርጓሚው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኦሮምኛ ጋዜጣ በሪሳና በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መማሪያዎችም እንዲሁ። ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል በይፋ የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። በባሌው የድሬ ሼኽ ሁሴን መካነ መቃብር ዙሪያ የኖረው የድርሳንና የመንዙማ ቅርስ ደግሞ በዐረብኛ ፊደል ተጽፏል። በቁቤ ተምሮ ያደገ ወጣት የአያቱን ዘመን ጋዜጣ ለማንበብ ይቸገራል፤ ፊደል የቆጠረው አንጋፋ ቁቤውን ይዘላል፤ ሁለቱም መድረሳ ለተማረው ባልደረባቸው ጥገኛ ናቸው። (ይህ ባልደረባ ብዙ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ዲግሪ የለውም፤ በእኔ እይታ ትልቁ ብክነት ይህ ነው።) የአንድን ደራሲ ሥራዎች በአንድ መዝገብ ማሰባሰብ የሚቻለው ሦስቱ ባልደረቦች አብረው ሲቀመጡ ነው።

የፌዴራል ሲቪል ሰርቫንት አዋጅ ቁጥር 515/1999 በ2010 ዓ.ም. እስኪተካ ድረስ በመሥሪያ ቤቱ ተዋጽኦአቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ተወላጆች፣ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካላቸው፣ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ድንጋጌው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም የሚቆጥረው ትውልድን ነበር። ጎባ ተወልዶ ቁቤ ብቻ የሚያነብና አርሲ ተወልዶ ሦስቱንም የሚያነብ ሁለት የኦሮሞ አመልካቾች በዚህ ሚዛን አንድ ነበሩ። የካታሎግ ባለሙያ የሥራ መደብ መግለጫ የፊደል ችሎታን ለብቻው ነጥብ ቢሰጠው፣ የመድረሳው ተማሪም የጎንደሩ ባለሙያም ለደረጃ እድገት የሚያቀርቡት ነገር ያገኛሉ።