ካቴናው ሲያመነታ

ለመሆኑ ማርሽ ሲለወጥ የሚሠራው ማን ነው፤ እግር፣ እጅ ወይስ ብረት? ስለ ብስክሌት ታሪካችን ሲወሳ የሚመሰገነው አብዛኛውን ጊዜ እግር ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ እጅ ላንሣ።

ማርሽ፣ ካቴና፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ብረቱ ሲገባ ስሙም አብሮት ገባ። በአውሮፓም ቢሆን ማርሽ በቀላሉ አልተወደደም። የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን መሣሪያ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች የፈቀዱት በ1937 እ.ኤ.አ. ነበር። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ በግል 24ኛ ሲወጡ ቡድኑ 9ኛ ሆነ።

የዚያ ዘመን ካምቢዮ በየማርሹ «ቀጭ» ብሎ የሚቆም አልነበረም። ካቴናው ካለበት ጥርስ ቶሎ አይላቀቅም፤ ያመነታል። ስለዚህ ነጂው ካምቢዮውን ከልኩ ጥቂት አሳልፎ ይገፋና ካቴናው ሲሻገር መልሶ ያስተካክለዋል። ዳኛው ጆሮ ነበር።

እንደ አሜሪካዊው ፍራንክ በርቶ ያሉ መሐንዲሶች ይህንኑ በመሣሪያ ለኩት። ሽቦው ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሽፋኑም ይጨመቃል። በዚህም ምክንያት ካምቢዮው አንድ ቦታ ላይ ቢቆም እንኳ ማርሽ ሲጨመርና ሲቀነስ መሣሪያው የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። ሺማኖ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ «ቀጭ» ካምቢዮ ይህን ልዩነት አስቀድሞ አስልቶ የእጁን ጥበብ ወደ ብረት አዛወረው።

ታዲያ የእጅ ዘመን አበቃ ማለት ነው? ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም በሚያደርሰው የደጋ መንገድ ላይ ያየሁት ይህን አያሳይም። አቧራና ጭቃ ሽፋኑ ውስጥ ሲገባ ልኩ ይዛባል፤ ካምቢዮው «ቀጭ» ይላል፣ ካቴናው ግን አይሻገርም። አቀስታ ላይ አንድ ጠጋኝ የኋላ ጎማውን አንሥቶ፣ ፔዳሉን በእጁ እያዞረ፣ የካቴናውን ድምፅ እያዳመጠ ሽቦውን ሲያጠብቅ ተመልክቻለሁ። ዳገት ሳይጀመር መለወጥ እንደሚሻልም ነገረኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የሰውነት ክብደት ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ካቴናው ይወጠራል፤ ለመሻገርም ያስቸግራል።

እንግዲህ ልኬት እጅን አልሻረውም፤ መሰከረለት እንጂ። የሜልበርኑ ውጤት በመዝገብ ሰፍሯል፤ የነጂዎቹ እጅ ያውቅ የነበረው ግን በደረጃ ሰንጠረዥ አይገኝም። ያንን የሚያስታውሱ አንጋፋ ነጂዎችና ጠጋኞች ዛሬም ካሉ፣ ቀርቦ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።