በጠባብ በር ላይ የሚቆም ወረፋ



አንድ መንገድ ለብዙ ሰው ሲሆን «ማን አስቀድሞ ይለፍ?» የሚለው ጥያቄ ከሰው ልጅ ኑሮ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በወንዝ መሻገሪያ፥ በወፍጮ ቤት፥ በገበያ በር ሁሉ ይነሣል። በዘመናችን ደግሞ ጥያቄው ወደ የቤታችን ገብቶ፥ ራውተር በምትባል ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ፊልም ያያል፤ ሌላው ፎቶግራፎቹን ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልካል፤ እናት በባዕድ አገር ካለች ልጇ ጋር ፊት ለፊት እየተያየች ትነጋገራለች። በዚህ መካከል የልጅቱ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ምስሏም ባለበት ደርቆ ይቀራል። ቤተ ሰቡ የመስመሩን ፍጥነት ለማስጨመር ገንዘብ ይከፍላል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይኖራል። ይህ ስለ ምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ይገባናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ፖል ባራን፥ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ዶናልድ ዴቪስ፥ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ሐሳብ አፈለቁ። ይኸውም መልእክትን በትናንሽ ክፍል ቆራርጦ፥ በእያንዳንዱም ላይ አድራሻ ጽፎ መላክ ነው። ዴቪስ ክፍሉን «ፓኬት» ብሎ ሰየመው። በቀድሞው የስልክ ሥርዓት ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስመሩ ለእነርሱ ብቻ ተይዞ ይቆይ ነበር፤ በአዲሱ ዘዴ ግን አንድ መስመር ብዙዎችን በየተራ ያገለግላል። በ1969 የተጀመረው አርፓኔት የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጥቅሙ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ተራ ባለበት ሁሉ ወረፋ መኖሩ አይቀርም።

በ1973 ሮበርት ሜትካፍ የተባለው ሊቅ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳለ፥ የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ በሬዲዮ ከሠራው የአሎሃ መረብ ሐሳብ ወስዶ ኢተርኔትን ነደፈ። በዚያን ጊዜ ማሽኖች ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ይናገሩ ነበርና፥ ሁለቱ ባንድነት ሲናገሩ ቃላቸው ይጋጭ ነበር። በ1990 ካልፓና የተባለ ኩባንያ የኢተርኔት ስዊችን ለገበያ ሲያቀርብ፥ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ መንገድ ያለው ሆነ። በየቤታችን ያለችው ትንሽ ስዊች የዚያች ልጅ ናት። ዋይፋይ ግን በአንድ አየር ላይ ሁሉም የሚካፈለው ነውና፥ በቀድሞው ሥርዓት በየተራ የሚነገርበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው ግንኙነት በድንገት ተሰናከለ። ሁለቱ ተቋማት የሚራራቁት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነበር። ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ፤ ይህም ማለት 800 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ምክንያቱ ምን ነበር? ወረፋው ሲረዝም ላኪዎቹ ማሽኖች «ፓኬታችን ጠፍቷል» ብለው ያንኑ ደግመው ይልኩ ነበር፤ ድጋሚውም ወረፋውን ይባስ ያረዝመው ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው።

ቫን ጄኮብሰንና ማይክል ካሬልስ ነገሩን መርምረው መድኃኒቱን አገኙ፤ ጽሑፋቸውም በ1988 ታተመ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ላኪው ማሽን በጥቂቱ ይጀምራል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሲያይ ይጨምራል፤ ፓኬት ሲጠፋበት ግን «መንገዱ ሞልቷል» ብሎ ይቀንሳል። እንግዲህ ልብ አድርጉ! ከዚያ ወዲህ የፓኬት መጥፋት ጉዳት ብቻ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ደወልም ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት ቀስ በቀስ ተረሳ። የማሽን ማስታወሻ ዋጋው ሲረክስ፥ ሠሪዎች አንድም ፓኬት እንዳይጠፋ በማሰብ በራውተርና በሞደም ውስጥ ሰፋፊ ማቆያ አኖሩ። በጠባብ በር ፊት ሰፊ ግቢ ተሠራ ማለት ነው፤ በሩ ግን አልሰፋም። በዚህም ደወሉ ዝም አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 256 ኪሎባይት የሚይዝ ማቆያ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ ሲሞላ፥ ኋላ የመጣው ፓኬት ሁለት ሴኮንድ ያህል ይጠብቃል። ለጥሩ ንግግር ግን ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል። በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ መሐንዲስ በገዛ ቤቱ ከአንድ ሴኮንድ በላይ የሆነ መዘግየት አይቶ ምክንያቱን ተከታተለ፤ ደዌውንም «በፈርብሎት» አለው፤ የማቆያ ማበጥ ማለት ነው።

በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ጄኮብሰን ኮዴል የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። ይህ ዘዴ የሚለካው የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን ፓኬቱ የቆመበትን ጊዜ ነው፤ ቆይታው ለ100 ሚሊሴኮንድ ያህል ከ5 ሚሊሴኮንድ በታች ሳይወርድ ከቀረ፥ ጥቂት ፓኬት ጥሎ ደወሉን ይደውላል። ኤሪክ ዱማዜ ደግሞ ለየጉዳዩ የተለያየ ወረፋ ጨመረበት፤ ይህም «ኤፍ ኪው ኮዴል» ተብሎ በ2018 በኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ ሰነድ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ የእናት ቃል ከሺህ ፎቶግራፍ ኋላ አይሰለፍም።

እንግዲህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ከቦታው የማይንቀሳቀሰውን ቴሌቪዥን በገመድ ከስዊች ጋር ማገናኘት፥ አየሩንም ለሚንቀሳቀሱት መተው ነው። ሁለተኛ፥ ራውተሩ ይህ የወረፋ ሥርዓት እንዳለው አይቶ መክፈት፥ የፍጥነቱንም ልክ ከተለካው ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው፤ መስመሩ 10 ሜጋቢት ከሆነ 9 ብሎ መወሰን ይበቃል። ይህም ወረፋው በሌላ ሰው ሣጥን ሳይሆን ሥርዓት ባለው በራሳችን ሣጥን እንዲቆም ያደርጋል። ሦስተኛ፥ መዘግየትን መስመሩ ባዶ ሳለ ሳይሆን ሥራ በበዛበት ጊዜ መለካት ነው። ፊልም ተቀባዩ ማሽንም «ደረሰኝ» የሚል ቃል መመለስ አለበትና፥ ያ ቃል ከሚወጣው ዕቃ ኋላ ሲቆም ፊልሙም ይዘገያል።

ሰፊ መንገድ መግዛት መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ታናሹ በታላቁ ሳይረገጥ እንዲያልፍ የሚያደርገው ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ካላችሁበት ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላልና፥ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እርሱን ፈልጉ።